የአቡጀዲው መጋረጃ ዘመን

ደብረ ታቦር ላይ ቴዎድሮስን ሆኖ መድረክ መውጣት ሌላ ከተማ ላይ እንደመውጣት አይደለም። ሌላ ቦታ ተመልካቹ ታሪኩን ከተዋናዩ አፍ ይሰማል። ደብረ ታቦር ላይ ግን ከአያቱ ሰምቶ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተከራክሮ፣ የራሱን ፍርድ ይዞ ነው የሚመጣው። ጋፋት በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ንጉሡ ሚስዮናውያኑን አስቀምጦ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠራበትን መሬት ከብት የጠበቀ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ከተማዋን አቃጥሎ፣ መድፉን አስጎትቶ ወደ መቅደላ ሲነሣ ቅድመ አያቱ ምን ይዛ እንደሸሸች የሚነግርህ ሰው በየመንደሩ ነበር። እንዲህ ባለ ሕዝብ ፊት የበግ ፀጉር ጢም ለጥፎ «እኔ ካሣ» ማለት ቀላል ድፍረት አይደለም።

ይህን ድፍረት ያደረጉት በ1970ዎቹ የከተማዋ አማተሮች ናቸው። ክበባችን ስሙ እንደ ወቅቱ ይለዋወጥ ነበር፤ አንዴ የትምህርት ቤት የድራማ ክበብ፣ አንዴ የቀበሌ ኪነት፣ በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊ ኢትዮጵያ ወጣቶች ማኅበር (አኢወማ) ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ የወጣቶች ማኅበር የኪነት ክፍል ይባላል። ማኅተሙ ይቀየራል እንጂ ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። አዘጋጃችን የሳይንስ መምህር ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ልብስ ሰፊ ነበረን፣ ከጤና ጣቢያ የመጣ ድሬሰር ነበረን፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበረን፤ የቀረነው ተማሪዎች ነን። ደመወዝ የለም፣ አበል የለም። ከልምምድ በኋላ የሚቀርበው ቆሎ ራሱ ከየቤታችን የመጣ ነው። የእኔ ሥራ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጦ ስክሪፕት መያዝና ቃል ለጠፋው ሰው ቃሉን በሹክሹክታ ማቀበል ነበር። ስለዚህ ስለዚያ ዘመን የማስታውሰው አብዛኛው ነገር ከጀርባ የታየ ነው፤ የተዋናዩን ማጅራት፣ ከእሱ ባሻገር ደግሞ የተመልካቹን ፊት።

ከመካከላችን ሦስት አራቱ የአብነት ተማሪዎች ነበሩ። ይህ በአገራችን በሌሎች የቴአትር ክበቦች ታሪክ ብዙ ሲወሳ አልሰማሁም፤ ለእኛ ግን ዋናው ነገር እሱ ነበር። ደብረ ታቦር ኢየሱስ የአቋቋም ቤት ነው። ከደቡብ ጎንደር ደጋ ሳይወርዱ ድጓን ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕትን ዙር አባ ሄዶ ማስመስከር ይቻላል። ከዚህ ዓይነት ቤት የመጣ ልጅ እኛ ሳምንት ሙሉ የምንታገለውን ቃለ ተውኔት አንዴ ሲነበብለት ግማሹን ይዞታል። ድምፁ ያለ ማይክሮፎን አዳራሹን ይሞላል። ወረብ የለመደ እግር መድረክ ላይ አይደናገርም፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ሲጀምር፣ ሲፈጥን፣ ድንገት ሲቆም የለመደ ሰው ዝምታን የት እንደሚያስቀምጥ ያውቃል። ጋሼ ስለ ዝምታ ሊያስተምሩን ሲሞክሩ እነዚህ ልጆች ቀድመው ያውቁት ነበር። ግን «የኔታ ከሰሙ ጉድ ፈላ» ብለው የሚመጡት ከመሸ በኋላ፣ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ነው። በዚያ ላይ መንግሥት ሃይማኖትን በማይወድበት ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ቤት ወደ ቀበሌ አዳራሽ መምጣት በሁለቱም በኩል ያስጠይቃል። መጡ ግን።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ልበል፤ የአገራችን ቴአትር ራሱ በአማተሮች እጅ ነውና የተወለደው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ የአውሬዎቹን ኮመዲያ «ፋቡላ»ን ሲያሳዩ በአገሩ ተዋናይነት የሚባል ሙያ አልነበረም። በእንስሳት ተረት ተሸፍኖ ሹማምንቱን የሚነካው ተውኔት ንግሥት ዘውዲቱን አስቆጣ፤ ቴአትር ታገደ። የንግሥቲቱ ባለቤት የነበሩት ራስ ጉግሣ ወሌ በጌምድርን ያስተዳድሩ የነበሩት ከእኛው ከደብረ ታቦር ነው። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ አንቺም ላይ ሲወድቁ፣ ወረቀትም ቦምብም ከሰማይ ሲወርድ ያዩ ሽማግሌዎች በእኛ ጊዜ ገና በሕይወት ነበሩ። ንግሥቲቱ በቀናት ልዩነት አረፉ፤ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ወዲህ ቴአትር እንደገና ነፍስ ዘራ። ያኔም ቢሆን ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው ተውኔታቸውን ያሳዩ የነበረው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን እያሠለጠኑ ነው፤ የሴቱንም ቦታ ወንዶች ልጆች ይጫወቱት ነበር። ሀገር ፍቅር በ1927፣ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤት ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ዮፍታሔ የጎጃም የቅኔ ሰው እንደነበሩ ሳስብ የእኛዎቹ ጋቢ ተከናናቢዎች ለመድረኩ እንግዳ አልነበሩም እላለሁ።

በቅኝ በተያዙ ከተሞች የቴአትር ክበብ ብዙ ጊዜ የገዥዎቹ መዝናኛ ነበር። አስመራ ላይ ጣሊያኖች ያማረ ቴአትር ቤት አሠርተዋል፤ የአገሩ ልጆች የራሳቸውን የቴአትር ማኅበር ያቋቋሙት ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ ነው። ጎንደር ላይም ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ሲኒማ ቤት ሠርቶ ሄዷል። ደብረ ታቦር ላይ ግን እስከ 1933 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ወታደሩን ይዞ መሸገ እንጂ መድረክ የሚሆን ነገር አልተወልንም። የእኛ መድረክ የቀበሌ አዳራሽ ነው፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የጭቃ ግድግዳ፣ ከፊት ለፊት ከፍ ብሎ የተደለደለ አፈር፣ በላዩ ላይ ከመሥሪያ ቤት የተለመነ ጣውላ። ከጉና የሚወርደው ብርድ በበሩ ስር ይገባል፤ ሰው ጋቢውን ደርቦ፣ ልጁን ታቅፎ ይቀመጣል።

መጋረጃው አቡጀዲ ነበር። ልብስ ሰፊው ጓደኛችን ከጎን ከጎን ሰፍቶ ገመድ አስገባበት። ስስ ስለሆነ ከጀርባ ፋኖስ ሲበራ ጥላችን ወጥቶ ይታያል፤ ተመልካቹ ልብስ ስንቀይር፣ ጢም ስንለጥፍ፣ ስንገፋፋ ያያል። መጀመሪያ ተሸማቀቅን። በኋላ ጋሼ ብልሃት አወጡለት፤ የቴዎድሮስና የእቴጌ ተዋበች ጨዋታ ሁለቱ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው በጥላቸው ብቻ እንዲታይ አደረጉ። ባልና ሚስት በአደባባይ ሲጨዋወቱ ማየት ነውር ለሆነበት ተመልካች ጥላው ትክክለኛው መፍትሔ ሆነ። በብዙ ገንዘብ የተሠሩ መድረኮችን አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ትዕይንት ግን አልገጠመኝም።

ልብሱና ዕቃው የከተማው ነው። ጋሻ ከአንዱ ቤት፣ ጎራዴ ከሌላው፣ ለምድ ከአንድ የአርበኛ ልጅ፣ ካባ ከአንዲት እማማ ሣጥን። ዕቃ ያዋሰ ሰው ዕቃውን ሊያይ ይመጣል፤ ሲመጣ ቤተሰቡን፣ አልፎ አልፎም የክርስትና ልጁን ይዞ ነው። ቴዎድሮስ ጋሻውን አንሥቶ ሲገባ ከመካከል «የኛ ጋሻ ነው!» የሚል ልጅ አይጠፋም። ሴባስቶፖል ባዶ በርሜል ነበር፤ ከሰልና ዘይት ቀብተን በጋሪ ላይ አሰርነው። እውነተኛው 7 ቶን ገደማ፣ በእኛ አቆጣጠር 70 ኩንታል ያህል ነው ይባላል። መድፉ ሲጎተት የምናሳይበት ሰው አነሰንና ጋሼ የገመዱን ጫፍ ወደ ተመልካቹ እንድንወረውር አዘዙ። አዳራሹ ተነሣ። ጎረምሳው፣ ባለሱቁ፣ ገበያ ውሎ የመጣው ገበሬ ገመዱን ያዘ። በርሜሉ በአንድ ጊዜ ከመድረኩ ወርዶ በር ላይ ደረሰ፤ እንዲመልሱልን መለመን ነበረብን።

የንጉሡ መጨረሻ ሽጉጥ ይፈልጋል። ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችለት ሽጉጥ ራሱን እንዳጠፋ ሁሉም ያውቃል፤ ያለ ድምፅ ደግሞ አይሆንም። እውነተኛ ጥይት መተኮስ በዚያን ጊዜ ከተማውን ሁሉ ወደ መሣሪያ ማስሮጥ ነው። መፍትሔው የመጣው ከቡሄ ነው። እኛ አገር ነሐሴ 13 ሲቃረብ ልጅ ሁሉ ጅራፍ ይገምዳል፤ ደኅና ጅራፍ ሲጮህ ከተኩስ አይለይም። አንድ እረኛ የነበረ ተማሪ ከአዳራሹ ጀርባ በውጭ ቆሞ የኔን ምልክት ይጠብቃል፤ እጄን በመስኮት አወጣለሁ፣ ጅራፉ ይጮኻል፣ ንጉሡ ይወድቃል። አንድ ምሽት ከጅራፉ ድምፅ በኋላ ከሴቶቹ መካከል አንዲት አልቃሽ ሙሾ ጀመረች። ሌሎቹ ተቀበሏት። ቀጥሎ የእንግሊዞቹ መግቢያ ነበር፤ እንግሊዞቹ ግን ቆመው ጠበቁ። ጋሼ በእጃቸው «ተዉአቸው» አሉን።

ሽማግሌዎቹ ያርሙን ነበር፤ ያውም ጨዋታው እየሄደ። አንድ ቀን መልእክተኛ ሆኖ የገባው ልጅ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በንጉሡ ፊት ቆመ። ከፊት ረድፍ አንድ አባት ብድግ አሉና «አንተ ልጅ፣ በንጉሥ ፊት ሰው ያደገድጋል እንጂ እንዲህ ይቆማል እንዴ?» አሉት። መድረኩ ላይ ወጥተው ነጠላውን ከወገቡ ላይ አሳምረው አስታጠቁት፤ ተመልሰው ተቀመጡ። አዳራሹ አጨበጨበላቸው፤ ጨዋታው ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከማሳየታችን በፊት እኚህን አባት ለልምምድ ይጠሯቸው ጀመር። ጎራዴ በየት በኩል እንደሚታጠቅ፣ ሹም ለበላይ እንዴት እጅ እንደሚነሣ፣ ከማን ፊት በቅሎ እንደሚወረድ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው።

ትልቁ እርማት ግን የልብስ አልነበረም። ስለ ቴዎድሮስ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ተውኔት ጽፈዋል፤ ግርማቸው የዚያ የ«ፋቡላ» ጸሐፊ ልጅ ናቸው። በእጃችን ግን የአንዱም ሙሉ ቅጂ አልነበረም። ጋሼ ከተክለ ጻድቅ መኩሪያ የታሪክ መጽሐፍ ተነሥተው፣ ጆሯቸው ያጠራቀመውን ጨምረው ጻፉት። ጽሑፉ የአንድነቱን ጀግና ያሳያል፤ ቀበሌውም የፈለገው ያንን ነበር። መጀመሪያ ያሳየን ቀን ሰው ሊበተን ሲል አንዲት እማሆይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ደግ ሠራችሁ ልጆቼ። ግን ያቃጠለንን የት አደረጋችሁት?» አሉ። መልስ የሰጠ የለም። የሚያውቅ ያውቃል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የንጉሡ እጅ በበጌምድር ላይ ከብዶ ነበር። ጎንደር ተዘርፋለች፣ ተቃጥላለች፤ ደብረ ታቦርም የነደደችው በጠላት እጅ አይደለም።

ጋሼ ለብዙ ቀን አልተናገሩም። በኋላ አንድ ትዕይንት ጽፈው መጡ፤ አንዲት ሴት፣ አንድ ልጅ፣ አንድ የእህል ጎታ። ወታደሩ ችቦ ይዞ ይመጣል። ወታደሩ ራሱ የመንደሩ ሰው ነው፤ ሴትየዋ በስሙ ትጠራዋለች። እሱ ንጉሡን ይወዳል፣ እሷም ትወዳለች፤ ቤቱ ግን ይነዳል። ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። ይህ ትዕይንት ገብቶ በድጋሚ ስናሳይ ከመጋረጃው ጀርባ ያየሁትን ፊት ሁሉ እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ማንም ንጉሡን አልጠላም። መጨረሻ ላይ ጅራፉ ሲጮህ ያለቀሱት እነዚያው ናቸው። በእኔ እምነት ክበባችን በዘመኑ ሁሉ የሠራው ትልቁ ሥራ ያ አጭር ትዕይንት ነው፤ ከአዲስ አበባ የማይመጣ፣ ከመጽሐፍ የማይቀዳ፣ የቦታው ሰው ብቻ ጠይቆ የሚያጽፈው።

ያቺን ሴት የተጫወተችውን ልጅ ለማግኘት ግን ሽማግሌ ተልኳል። ቃሌን እንዳለ ውሰዱት፤ ጋሼ እንደ ጋብቻ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤቷ ሄዱ። አባቷ «ልጄን አዝማሪ ልታደርጓት ነው?» አሉ። ሦስተኛ ቡና ሲደርስ እናትየዋ ናት ያላላችው፤ ወንድሟ ወስዶ እንዲመልሳት፣ መድረክ ላይ ወንድ እጇን እንዳይነካት ብላ። እኛም አከበርን። ከእሷ በኋላ ሌሎች መጡ። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ስንሠራ ሁለት ልጃገረዶች ነበሩን። በዚያን ጊዜ በዚያ አገር ሴት ልጅ ለትዳር የምትታጨው ገና በልጅነቷ ነበር፤ ስለ ጠለፋ የሚያስቅ ተውኔት እየሠራን ሳለ ከሁለቱ አንዷ ተድራ ሄደች። ቦታዋን አንድ ወንድ ልጅ ሻሽ አስሮ ተካው፤ በነዮፍታሔ ዘመን እንደነበረው። ተመልካቹ በጣም ሳቀ። እኛ ውስጥ ውስጡን እያዘንን ነበር የሠራነው፤ ያቺ ልጅ ከሁላችን የተሻለች ተዋናይ ነበረች።

የታዘዝነውንም ሠርተናል። ስክሪፕት ሁሉ ለቀበሌ ይቀርባል፤ መጨረሻው ላይ መዝሙርና ወደ ላይ የተነሣ ግራ እጅ መኖር አለበት። ከእነዚህ አብዛኛዎቹ ሊታወሱ የሚገባቸው አይደሉም። የመሠረተ ትምህርቱን ግን አልተውም። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ በዩኔስኮ በኩል የተሸለመ ሥራ ነው። የእኛ አጭር ድራማ የልጇን ደብዳቤ በሰው የምታስነብብ እናት ናት፤ አንባቢው ልጁ የላከውን ገንዘብ መጠን ዝቅ አድርጎ ያነብላታል። ከጨዋታው በኋላ ለመመዝገብ የተሰለፉ እናቶች አይቻለሁ። ቻይናዎች በሠሩት የወረታና የወልድያ መንገድ በጭነት መኪና ላይ ተጭነን ይህንኑ ክምር ድንጋይ፣ ጋሳይ፣ ነፋስ መውጫ ድረስ ወስደነዋል። ነፋስ መውጫ ላይ መጋረጃችንን ነፋስ ወሰደውና በገበያ መካከል ያለ መጋረጃ ሠራን፤ አልጎደለበትም።

የመጨረሻው ሥራችን ሳይታይ ቀረ። ጋሼ ከቴዎድሮስ በፊት ወዳለው ወደ 1834 ዓ.ም. የደብረ ታቦር ጦርነት ሄደው ነበር። ደጃዝማች ውቤ ራስ አሊን ድል ያደርጋል፤ አሊ ይሸሻል። ውቤ ድሉን በድንኳኑ ሲያከብር የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ይማርከዋል። ያሸነፈው ታሰረ፣ የሸሸው ገዥ ሆኖ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮሜዲ በታሪካችን ብዙ የለም፤ ያውም በገዛ ሜዳችን የሆነ። ቀበሌው ጽሑፉን ሲያይ «ሁለቱም ባላባቶች ናቸው፤ ጭቁኑ ሕዝብ የት አለ?» አለ። ጋሼ አንድ ጠጅ አሳላፊ ጨመሩ። በትእዛዝ የገባው ሰው የተውኔቱ ነፍስ ሆነ፤ ድሉንም ምርኮውንም ያየ፣ ለሁለቱም ጌቶች በአንድ ብርሌ የቀዳ እሱ ብቻ ነው።

ልምምዱ እየተጋመሰ በ1982 ዓ.ም. የእርስ በርስ ጦርነቱ ደጃፋችን ደረሰ። አዳራሹን ወታደር ያዘው። ከተዋናዮቻችን ወደ ውትድርና የተወሰዱ፣ ወደ ጫካ የገቡ፣ ወደ ባሕር ዳር የሸሹ አሉ። ቀድሞ ጎንደር ሄዶ ፋሲለደስ ኪነትን ለመቀላቀል ያስብ የነበረ አንድ ድምፀ መልካም የአቋቋም ልጅ ከዚያ ዓመት ወዲህ ወሬው አልተሰማም። በ1983 ዓ.ም. አካባቢውን ከደርግ እጅ ያወጣው ዘመቻም «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ተባለ። በ1990ዎቹ የፀረ ኤድስ ክበቦች በትምህርት ቤቶች ድራማ ሠርተዋል፤ ሚኒ ሚዲያዎችም እስከ ዛሬ ይሠራሉ። ደግ ሥራ ነው። ሽማግሌ መድረክ ላይ ወጥቶ ነጠላ የሚያስታጥቅበት ዓይነት ግን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ሳይታይ ወደቀረው ተውኔት ልመለስ። በክበባችን ዘመን የወረቀት እጥረት ነበር። ሙሉው ስክሪፕት አንድ ብቻ ሆኖ በጋሼ ዘንድ ይቀመጣል፤ ተዋናይ ሁሉ የራሱን ንግግርና ከፊቱ ያለውን የሌላ ሰው የመጨረሻ ቃል ብቻ ይገለብጣል። የጋሼ ቅጂ በጦርነቱ ጠፍቷል፤ እሳቸውም አርፈዋል። የጠጅ አሳላፊው ክፍል እኔ ጋ ነው። የውቤን ክፍል የያዘው ጓደኛችን ባሕር ዳር አለ፤ የአሊው አሜሪካ ነው፣ ፎቶ አንሥቶ ልኮልኛል። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማያያዝ ጀምሬአለሁ፤ አንዱ የጨረሰበት ቃል ሌላው የጀመረበት ቃል ስለሆነ ሥራው ከፈራሁት ቀሏል። የጎደለው የብሩ አሊጋዝ ክፍል ነው። ያንን የተጫወተው ልጅ ከመሄዱ በፊት ደብተሩን ለእህቱ እንደሰጠ ሰምቻለሁ። ከተማዋ አሁን የራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ተውኔቱን ሊሠሩት የሚፈልጉ ወጣቶችም አግኝቻለሁ። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ፣ ሽፋኑ የወጣ የሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ነው፤ በአንድ የደብረ ታቦር ሣጥን ውስጥ መኖር አለበት።